ነጋዴ ዳቦውንም ባጃጁንም ያመጣል፤ የጎርፍ ቦዩን ለምን አይሠራልንም?

ሳሙና_በር (ማክሰኞ፣ ማታ 2:10)

እንደምን አመሻችሁ። ጎንደር ውስጥ ገንዘብ ላለው ሰው ዳቦው፣ ባጃጁ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ውሃ እንኳ በቦቴ በሩ ድረስ ይመጣለታል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የመንገድ መብራት ግን ሃምሳ ቤት ቢፈልገውም የሚያመጣው ነጋዴ የለም። ድንጋዩም ሠራተኛውም ከተማው ውስጥ አለ። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? «መንግሥት ይሥራው» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ማወቅ የምፈልገው ገመዱ የት ላይ እንደሚበጠስ ነው።

ለስሌት እንዲመች ይህን ያዙ፦ 120 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋት፣ ወደ ወንዝ የሚያዘቀዝቅ መንገድ፣ በግራና በቀኝ 50 ቤት።

ቃሃ (ማታ 2:41)

የሚበጠሰው ገንዘብ መሰብሰቡ ላይ ነው። ዳቦ ቤቱ ላልከፈለ አይሰጥም፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቦዩ ግን አንዴ ከተሠራ ጎርፉን «የእነ እገሌን ቤት ብቻ ግባ፣ አልከፈሉም» ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ የአንዱ ቤት መዳን የሌላውን መዳን አይቀንስም። ይህን ሁለተኛውን ጠባይ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 በቀመር አስቀመጠው፤ የመጀመሪያውን፣ ያልከፈለን ማስቀረት አለመቻሉን፣ አጉልተው ካወጡት አንዱ ሪቻርድ ማስግሬቭ ነው። ሁለቱን ጠባዮች አንድ ላይ የያዘ ነገር ነው «የጋራ መጠቀሚያ» የሚባለው። ጠቃሚ መሆኑ ብቻውን የጋራ አያደርገውም። ዳቦ ከመንገድ መብራት ይልቅ ያስፈልጋል፣ ግን የግል ሸቀጥ ነው።

በቁጥር እንየው። ሥራው 600,000 ብር ይፈጃል፣ ለእያንዳንዱ ቤት ደግሞ የ20,000 ብር ጥቅም አለው እንበል። የሃምሳው ቤት ጥቅም ሲደመር 1,000,000 ነው፤ ሥራው ያዋጣል ማለት ነው። መዋጮው በቤት 12,000 ይደርሳል። አሁን ወደ አንድ አባወራ ጭንቅላት ግቡ። ሌሎቹ ከከፈሉ እኔ ባልከፍልም 20,000ዬን አገኛለሁ። ሌሎቹ ካልከፈሉ ደግሞ የእኔ 12,000 ብቻውን የትም አይደርስም። በሁለቱም መንገድ «አልከፍልም» ያሸንፋል። ሃምሳውም እንዲህ ካሰበ ትርፍ ያለው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስሌቱ ነው እንዲህ የሚያሳስበው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው በእጁ ሲይዝ ነው። አርባው ባዶ እጁን ከሄደ ለአሥሩ ያው ሸክም ነው።

ቅዳሜ_ገበያ (ማታ 3:15)

ይህ ስሌት በየመማሪያ ክፍሉ ይነገራል፣ ዓለም ግን እንዲያ ብቻ አይደለችም። መርከቦችን በሌሊት የሚመራው የባሕር መብራት ቤት የጋራ መጠቀሚያ ዋና ምሳሌ ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሮ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1974 የእንግሊዝን መዝገብ አገላብጦ ብዙዎቹን ግለሰቦች ሠርተው ከመርከቦች ክፍያ ይቀበሉባቸው እንደነበር አሳየ። ሪል እስቴትም ተመልከቱ፤ የውስጥ መንገዱን፣ ቦዩን፣ መብራቱን ሁሉ ገንቢው ራሱ ይሠራል። ለምን? ዋጋውን ከቤቱ ጋር አብሮ ስለሚሸጠው። ገበያው ከሸፈ ከማለታችሁ በፊት ለገበያ በር ተከፍቶለት እንደነበር ጠይቁ።

ቃሃ (ማታ 3:32)

የመብራት ቤቱን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ወንድሜ። ክፍያውን የሚሰበስበው የጉምሩክ ሰው ነበር፤ ወደብ ላይ፣ ከዘውዱ በተሰጠ ፈቃድ፣ መርከቧ ላለመክፈል ምርጫ ሳይኖራት። እ.ኤ.አ. በ1836 ደግሞ ፓርላማው በሕግ አስገድዶ የግለሰቦቹ መብራቶች የመብራት ቤቶችን ወደሚያስተዳድረው ተቋም፣ ወደ ትሪኒቲ ሃውስ፣ እንዲጠቃለሉ አደረገ። ግለሰብ መገንባቱን አልክድም። ገንዘቡን የሰበሰበው ግን የመንግሥት እጅ ነው፣ ጥያቄውም እሱ ላይ ነው።

ሪል እስቴት ላይ ትክክል ነህ፣ የሚሠራበትም ምክንያት አለው፦ አጥርና በር አለ፣ ያልገዛ አይገባም። የእኛ አሮጌ ሰፈር ግን ገንቢ የለውም፣ በርም የለውም። መሬቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ መንገድ ሠርቶ የመሬቱን ዋጋ መናር ሸጦ የሚያተርፍ ግለሰብ ሊመጣ አይችልም።

ግንበኛው (ረቡዕ፣ ጧት 1:20)

ስለ ገንዘቡ ተባባሉ፤ እኔ ስለ ውሃው ልጻፍ፣ ምክንያቱም የገንዘቡ ጠብ የሚጀምረው ከውሃው ነው።

መጀመሪያ የውሃው መጠን። የዝናቡን ኃይል በሰዓት በሚሊ ሜትር፣ ውሃ የሚሰበስበውን መሬት በሄክታር፣ የመሬቱን የማፍሰስ ጠባይ ደግሞ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይዛችሁ ታባዛላችሁ፤ ውጤቱን ለ360 ስታካፍሉ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚወርድ ይነግራችኋል። ከላይ ያለው ሰፈር ተደምሮ 2 ሄክታር ነው፣ የዲዛይን ዝናቡም፣ ማለትም ቦዩ እንዲችለው የምናስበው ኃይለኛ ዝናብ፣ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ግቢዎቹ አፈርና ሣር የበዛባቸው ከሆኑ ጠባዩ ወደ 0.45 ይሆናል፦ በሰከንድ 150 ሊትር። ያው ሰፈር ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲበዛበት ወደ 0.7 ይወጣል፦ በሰከንድ 233 ሊትር። ልብ በሉ፤ ዝናቡ አልጨመረም። የላይኛው ሰፈር መንገዱን አሳምሮ ሠራ፣ የታችኛው ግን ያልጠየቀውን ጎርፍ ተቀበለ። ለአንዱ ልማት የሆነው ለሌላው ጥፋት ነው፤ ይህንን ደግሞ ማንም ውል ውስጥ አያስገባውም።

ሁለተኛ ቦዩ። የላይኛው 80 ሜትር 4 በመቶ፣ ወንዙ አጠገብ ያለው 40 ሜትር 1 በመቶ ተዳፋት አለው ብለን እንያዝ። ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ቦይ፣ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ፣ በሰከንድ 290 ሊትር ያህል ያሳልፋል፤ ይበቃል። ያው 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ታች ሲደርስ ተዳፋቱ ስለቀነሰ 145 ሊትር ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የቀረው ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ታች ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውሃው የሚይዘው ጥልቀት 35 መሆን አለበት፤ ያኔ 310 ሊትር አካባቢ ይደርሳል። በብዙ ቦታ የማየው ስህተት ይኸው ነው፦ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቦይ።

ሦስተኛ ብዛቱ። ግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ የውስጥ ጥልቀቱ 50፣ ወለሉ 15 ቢሆን ጠቅላላው 55 ሜትር ኩብ ያህል የድንጋይ ግንብ ነው። ሞርታሩ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ። በየ30 ሜትሩ 60 በ60 የሆነ የደለል ጉድጓድ፣ ከቦዩ ወለል 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። ይህ ከሌለ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉና የግንባታ ፍርስራሹ መታጠፊያው ላይ ይከማችና ቦዩ በአንድ ክረምት ይደፈናል።

ኮብሉ፦ የቦዩ ቦታ ከተቀነሰ የሚነጠፈው 352 ካሬ ነው። 10 በ10 የሆነ ድንጋይ ከ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ጋር በካሬ 82 ያህል ይገባል፣ ጠቅላላ 29,000 አካባቢ። ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ 18 ሜትር ኩብ፤ ለመገጣጠሚያው ሌላ 6። በሲኖትራክ 16 ከተጫነ አንድ ቢያጆ ተኩል ነው። መንገዱ ወደ ቦዩ ከ2 እስከ 3 በመቶ ዘንበል ይበል። ቦዩ ሳይሠራ ኮብሉ ከቀደመ ጎርፉ አሸዋውን ከሥር ያጥበዋል፣ ድንጋዩ በሁለተኛው ክረምት ይወላልቃል።

ይህ ሁሉ ገበያ ውስጥ አለ። ባዛልት ድንጋዩ ከጎንደር ዙሪያ ይወጣል፣ ጠራቢው አለ፣ አንጣፊው የተደራጀ ወጣት ነው፣ ሲኖው ስልክ ተደውሎለት ይመጣል። በዋጋ ይፎካከራሉም። ገበያ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሃምሳውን ቤት ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ የሚያስገባ።

ሳሙና_በር (ጧት 2:05)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህ ነው የፈለግሁት። ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ከዳገቱ ጫፍ ያለው ቤት በጎርፍ አይጠቃም። 12,000 ክፈል ስንለው ምን ብለን እናሳምነዋለን?

ግንበኛው (ጧት 2:18)

በጎርፍ አታሳምኑትም፣ አይነካውማ። ኮብሉን ይፈልገዋል፤ ባጃጅ በክረምት በሩ ድረስ እንዲወጣለት። ሁለቱን ሥራ ለየብቻው አታስቡት፣ በአንድ ጥቅል አቅርቡት። ታችኛው ቦዩን፣ ላይኛው መንገዱን ይፈልጋል።

የእድር_ዳኛ (ጧት 4:50)

ልጆቼ፣ መጽሐፉን ለእናንተ ትቼ አሰባሰቡን ልንገራችሁ።

እድር ለምን ይሠራል? ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ቀባሪው ላልከፈለ አይወጣም። ቃሃ እንዳለው ያልከፈለን ማስቀረት ይቻላል። ቦዩ ላይ የጎደለው ጉልበት እድሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው በየሰፈሩ የመንገድ መዋጮ በእድር በኩል ሲሆን የሚሳካው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «መንገድ ካልከፈልክ አንቀብርህም» ከተባለ እድሩ ራሱ ይፈርሳል። በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ፣ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ፣ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲወጣ አድርጉት። መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ቀጥሎ በወር ክፍያው ላይ ትንሽ ቅጣት፣ ከዚያ ስሙ በስብሰባ መነሳት። ስም መነሳቱ ከገንዘቡ ይበልጣል፣ ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡ በማንም ሰው ስም አይቀመጥ። በባንክ ዝግ ሒሳብ፣ በሦስት ፈራሚ፣ አንዱ ፈራሚ ከታችኛው ቤቶች አንዱ ከላይኛው። ደረሰኝ ላይ ይህ ይጻፍ፦ «እስከ ጥር 30 ድረስ ከ50ው 42ቱ ካልከፈሉ ለሁሉም ተመላሽ ይሆናል።» ይህ አንድ መስመር ብዙ ሰው ያስከፍላል። ሰው የሚፈራው መክፈሉን አይደለም፤ ብቻውን ከፍሎ መቅረቱን ነው።

ቃሃ (ጧት 5:12)

ጋሼ ዳኛ ያሉት ሁለቱም በትምህርቱ ስም አላቸው። ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ቅጣትና ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት ደንብ፣ ኤሊኖር ኦስትሮም ለረጅም ዘመን በቆዩ የመስኖ፣ የደንና የግጦሽ ማኅበሮች ውስጥ ያገኘቻቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ተሸልማለች። የተመላሹ ሐሳብ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ስሌት ግማሹን ይሰብረዋል፤ «ሌሎቹ ካልከፈሉ የእኔ ይባክናል» የሚለውን። ሌላኛው ግማሽ፣ «ሌሎቹ ከከፈሉ እኔ ለምን?»፣ ግን ይቀራል። 42 የሚለው ቁጥር ስምንት ሰው በነጻ እንዲገባ ፈቀደ። 50 ብለው ቢጽፉት ደግሞ አንድ እልኸኛ ሁሉን ያግታል። መሐል ላይ መጻፉ ብልህነት ነው።

ከ42ቱ ብቻ ከተሰበሰበ ግን 504,000 ነው፤ 96,000 ይጎድላል። ወይ መዋጮው ከመጀመሪያው 14,300 ይሁን፣ ወይ ጉድለቱን የሚሸፍን የከተማ ድርሻ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ።

ቅዳሜ_ገበያ (ጧት 5:40)

እሺ፣ እዚህ ድረስ እቀበላለሁ። ግን ሁለት ነገር አትሸፍኑ። አንደኛ፣ «መዋጮ» የምትሉት ግብር ነው፣ በሌላ ስም። የማይፈልገውም ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ገበያ አልቻለም ማለት መንግሥት ይችላል ማለት አይደለም። የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው ውሃ በፈረቃ ይጠጣል። የጎንደርን ሰው በጥማት ጊዜ ያጠጣው ማን ነው? ቦቴው።

ቃሃ (ጧት 6:15)

የመጀመሪያውን አልከራከርህም፤ ግብር ነው። ልዩነቱ ከፋዩ ሥራውን በዓይኑ ማየቱ ነው።

ውሃው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ አታምታታው። የቧንቧ ውሃ ቆጣሪ አለው፣ ላልከፈለ ይቆረጣል፤ የጋራ መጠቀሚያ አይደለም። ችግሩ መስመሩ ነው፦ በአንድ መንገድ ሁለት ተፎካካሪ ቧንቧ መቅበር ብክነት ስለሆነ አንድ አቅራቢ ብቻ ይኖራል። ቦቴ መጣ፣ አዎ፣ ግን ዋጋውን አስላ። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ በ5 ብር ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 250 ብር ሆነ። ገበያው ውሃውን አመጣው፤ ቧንቧ ለሌለው ድሃ ግን በውዱ መንገድ።

አንገረብን ደግሞ ራስህ አነሳኸው። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ካለው ተዳፋት እርሻ ነው። እርከን የሚሠራው ገበሬ ጉልበቱንም የሚታረስ መሬቱንም ያጣል፣ ግድቡ ሲድን የሚጠቀመው የከተማው ጠጪ ነው። ቦቴው ለዚያ ገበሬ ሳንቲም አይከፍልም። እውነተኛው የጋራ መጠቀሚያ ያ እርከን ነው፣ ገበያም የቧንቧ ሒሳቡም ረስተውታል።

አዘዞ_መብራት (ቀን 7:30)

ስለ መብራት በአጭሩ። ለ120 ሜትር 8 ሜትር ምሰሶ በየ30 ሜትሩ፣ 5 ምሰሶ ይበቃል። 60 ዋት ኤልኢዲ ለ12 ሰዓት ሲበራ አምስቱ በሌሊት 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 108። ወጪው ይህ አያስፈራም። የሚያጣላው ቆጣሪው በማን ስም ይሁን የሚለው ነው። በአንድ ሰው ቤት ቆጣሪ ከተቀጠለ ሰውየው የተጣላ ቀን ሰፈሩ ይጨልማል። በእድሩ ስም የተለየ ቆጣሪ አውጡ፣ ማብሪያውን በብርሃን መለኪያ አድርጉት፤ «ማነው የሚያጠፋው» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል። በፀሐይ የሚሠራውን ከመረጣችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለባትሪ መቀየሪያ የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ አስቀምጡ። ለምረቃ ሁሉም ያዋጣል፣ ለባትሪ ማንም።

ደንቢያ (ቀን 8:05)

የሰፈር ቦይ በሃምሳ ቤት ስብሰባ ይፈታል። የጣናን አረም፣ እምቦጭን፣ በምን ስብሰባ ትፈቱታላችሁ?

እምቦጭ በጣና በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፣ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። አንድ ቀበሌ ዳርቻውን በእጁ አጽድቶ ሲጨርስ ነፋሱ የጎረቤቱን ያመጣለታል። ስለዚህ ብልጡ ቀበሌ ጎረቤቱን ይጠብቃል፣ ጎረቤቱም እሱን። የቃሃ ስሌት ነው፣ በሐይቅ ልክ።

«ወደ ማዳበሪያ፣ ወደ ከሰል ይቀየር፣ ባለሀብት ይግባበት» የሚሉ አሉ። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አሥር ቶን አውጥተህ፣ አጓጉዘህ፣ አድርቀህ ከአንድ ቶን በታች ታገኛለህ። ማጓጓዣው ትርፉን ይበላዋል። ቢያዋጣስ? በእምቦጭ የሚያተርፍ ሰው እምቦጩ እንዲያልቅበት አይፈልግም፤ ጥሬ ዕቃው ነዋ። እዚህ ላይ ገበያው ጭራሽ ተቃራኒውን ይሸልማል።

ይህ ችግር ለአካባቢያችን አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የደንቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነው በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ኪኒን ሻጭ ያኔም ነበረ ይሆናል። የቤት ርጭት ግን ጎረቤትን የሚያድነው ከ80 በመቶ በላይ የሆነው ቤት ሲረጭ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ትንኟ ማደሪያ አታጣም። ቤቴን ካስረጨሁ ጥቅሙ ግማሽ ለጎረቤት ነው፣ ዋጋው ግን ሙሉ ለእኔ። ማን ይገዛል?

ቅዳሜ_ገበያ (ቀን 8:40)

በእምቦጩ ረታኸኝ። በቦዩ ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥገናውን በጨረታ ስጡት። የተደራጁ ወጣቶች ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ የደለል ጉድጓዶቹን ይጥረጉ፣ ክፍያው በቀን ሳይሆን ጉድጓዱ ተለክቶ ይሁን። ለሠሪውም ከክፍያው 5 በመቶ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያዙበት። ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ገበያን የሚያህል ሠራተኛ የለም።

የእድር_ዳኛ (ቀን 9:25)

እውነት ነው። አንድ የተረሳ አለ፦ የቀበሌ ቤት። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፣ ልክ ነው። ባለቤቱ ከተማው ስለሆነ የእነዚያን ቤቶች ድርሻ ከተማው እንዲችል ከመጀመሪያው በደብዳቤ ጠይቁ፤ ከ50ው 12 የቀበሌ ቤት ቢሆን 144,000 ብር ነው። የግል ተከራይንም አታስጨንቁ። መንገዱ ሲያምር ኪራይ የሚጨምርበት እሱ ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ቢሆንም ወኪል አለው። አቅም የሌላቸው እናቶች ካሉ ስማቸው በስብሰባ አይጠራ፣ ሦስት ሰው ብቻ ይወቀው።

ሳሙና_በር (ማታ 1:15)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለግንበኛው አንድ ቀረኝ፦ እስከ ጥር የሚገኘው ገንዘብ ለግማሹ ቦይ ብቻ ቢበቃ፣ ከላይ እንጀምር ከታች? የላይኛዎቹ «ከእኛ በር ይጀመር» እያሉ ነው።

ግንበኛው (ማታ 1:50)

ከታች፣ ከወንዙ። ከላይ ከጀመራችሁ ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስባችሁ 60ኛው ሜትር ላይ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ትደፉታላችሁ። ከታች 60 ሜትር ማለት 40ው ባለ 60 ሳንቲ ሜትር፣ 20ው ባለ 40፤ 28 ሜትር ኩብ ያህል ግንብ ነው። መውጫው ላይ 2 ሜትር ያህል ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩበት፣ ካልሆነ ውሃው እግሩን ቦርቡሮ ቦዩን ከታች ወደ ላይ ይበላዋል። ላይኛው ጫፍ ላይ የደለል ጉድጓድ ሠርታችሁ ወራጁን በአፈር ክትር ወደ እሱ ምሩት። ግንቡ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ፤ ሞርታሩ ሳይጠና ጎርፍ ካገኘው ያጥበዋል። ኮብሉ ለከርሞ ይቆይ፤ ለላይኛዎቹም ኮብሉ በእነሱ በር እንደሚጀመር አሁኑኑ በቃለ ጉባኤ ፈርሙላቸው።